ሚስማሩን ከመንቀላችሁ በፊት

ከመነዳሪ የሌለውን የሞተር ሳይክል ጎማ ስለ መጠገን



ዛሬ የምንማረው ስለ ሞተር ሳይክል ጎማ ነው። «እኛ የምናውቀው ሞፈርና ቀንበር፣ ማጭድና መንሽ ነው፤ የጎማ ነገር ለሹፌር አይተውም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይተውም። ለምን እንደማይተው እንይ።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብደራፊ፣ በአብርሃ ጅራና በመተማ በኩል ያለው እርሻ ሰፊ ነው። ሰሊጡ፣ ማሽላውና ጥጡ የሚዘራው ከመንደር ርቆ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው። በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። በዚህ አገር ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ለሠራተኛ ውኃና ስንቅ ያደርሳል። የተሰበረ የትራክተር ዕቃ ይዞ ወደ ከተማ ይሮጣል። ሰው ሲታመምም አምቡላንስ የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

ወሩ ጥቅምት ነው እንበል። የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል። ሰሊጥ ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ከንጋት እስከ ምሽት በማሳ ላይ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ የታሠረውን ነዶ ሲያነሣ ከሥሩ ተኝቶ የነበረ እባብ እግሩን ነደፈው። ጓደኞቹ ጮኹ። ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ተጠራ። የተነደፈው ሰው ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ፤ ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ ደገፈው። ጉዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሆነ።

ግማሽ መንገድ እንደ ሄዱ የኋላው እግር እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ሾፌሩ አቆመ። ጎማውን ቢያይ ሚስማር ተሰክቶበታል። ጎማው ለስለስ ብሏል እንጂ ገና አልተኛም። ሾፌሩ ተናደደ። ፒንሳ አወጣና ሚስማሩን ያዘና ነቀለው። ፍሽሽሽ! አየሩ በአንድ አፍታ ወጣ። ጎማው መሬት ላይ ተነጠፈ። መጠገኛ የለም፤ መንፊያ የለም። በሽተኛው መንገድ ዳር ቀረ።

ስሕተቱ ምን ላይ ነው? ሚስማሩን መንቀሉ ላይ ነው። ጎማው ከመነዳሪ የሌለው ዓይነት ነበር። በዚህ ዓይነት ጎማ ላይ የተሰካ ሚስማር የበሳውን ቀዳዳ ራሱ ደፍኖ ይይዛል። አየሩ የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ሚስማሩ ሲነቀል ግን በሩ ተከፈተ ማለት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ነው። አየር ግን ቢፈስ አይለቀምም።

የዛሬው ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፤ መጠገኛው በእጃችሁ ሳይሆን ሚስማሩን አትንቀሉ።

ሁለት ዓይነት ጎማ አለ

አንደኛው ከመነዳሪ ያለው ጎማ ነው። ከውጭ ጠንካራው ጎማ አለ፤ ከውስጥ ደግሞ አየር የሚይዝ ስስ የጎማ ከረጢት አለ። ይህን ከረጢት ነው ከመነዳሪ የምንለው። እሾህ ውጭውን አልፎ ከመነዳሪውን ከወጋው አየሩ ቶሎ ይወጣል። ለመጠገን እግሩን መፍታት፣ ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ፣ ከመነዳሪውን ማውጣት፣ መለጠፍ፣ መልሶ መክተት ያስፈልጋል። ሥራው ረጅም ነው።

ሁለተኛው ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ነው። በገበያ ቲዩብለስ ይሉታል። በውስጡ ከረጢት የለም። አየሩን የሚይዙት ጎማውና ቸርኬው ራሳቸው ተጋግዘው ነው። የጎማው የውስጥ ግድግዳ አየር በማያሳልፍ ስስ የላስቲክ ሽፋን ተለብጧል። የጎማው ከንፈር በቸርኬው ጠርዝ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ቫልቮላውም በቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ የተተከለ ነው። አየሩ ከንፈሩን ወደ ቸርኬው በገፋው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል።

እንዴት ይለያሉ? መጀመሪያ ቸርኬውን እዩ። እንደ ቢስክሌት ቀጫጭን ራጂዎች ያሉት ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከመነዳሪ ያለው ነው። ምክንያቱም ራጂዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አየር ያሳልፋሉ። ወፍራም እጆች ያሉት፣ በአንድነት ቀልጦ የተሠራ ቸርኬ ከሆነ ከመነዳሪ የሌለው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ የጎማውን ጎን ማንበብ ነው።

ጎማ ከየት መጣ?

በአየር የተሞላ ጎማ ጥንታዊ ነገር አይደለም። ሮበርት ቶምሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1845 እንዲህ ያለ ጎማ አስቦ የፈጠራ መብት ወስዶ ነበር። ሐሳቡ ግን ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ጆን ዳንሎፕ የተባለ ሰው እንደገና ሠራው። ዳንሎፕ የመኪና ባለሙያ አልነበረም፤ በአየርላንድ ደሴት በቤልፋስት ከተማ የሚሠራ የከብት ሐኪም ነበር። የሠራውም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ነው። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሞተር ሳይክልም መጣ። ዛሬ በየገበያችን በሚሸጡ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይገኛል።

ማንበብ እዚህም ይጠቅማል

የጎማው ጎን እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ግን አትፍሩት። ቲዩብለስ የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል የኛን «ፐ» ይመስላል። የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ካሳያችሁ ሁለተኛ አትረሱትም። ቁጥሮቹን ግን አሁኑኑ ታነቡአቸዋላችሁ።

በአንድ ጎማ ላይ 100/90-17 የሚል ተጽፏል እንበል። 100 የጎማው ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ሲሆን 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። 90 የጎማው ቁመት ከስፋቱ ከመቶ ዘጠና እጅ መሆኑን ይናገራል። 17 ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር 17 ኢንች መሆኑን ይነግረናል። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። አዲስ ጎማ ወይም ከመነዳሪ ስትገዙ እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ያን ጊዜ ነጋዴው ሌላ ልክ አይሰጣችሁም።

ሌላም ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዞች ተጽፈው ይገኛሉ። 2421 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2021 በ24ኛው ሳምንት ነው። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 2013 ዓ.ም. ይሆናል። ጎማ ባይነዳም ያረጃል። በፀሐይ የቆየ ጎማ ይደርቃል፤ ጎኑ እንደ በጋ ዋልካ ይሰነጣጠቃል። ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ጎማ በየጊዜው በጎሚስታ ይመርመር።

የሚበሳው ምንድን ነው?

በቆላው መንገድ ጎማ የሚበሳ ነገር ሞልቷል። የግራርና የበደኖ እሾህ አለ። በማሳ ውስጥ ደግሞ በሰያፍ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ ጉቶ አለ። በአውድማና በመጋዘን አካባቢ ሚስማር፣ ሽቦ፣ ጆንያ የሚሰፋበት መርፌ ወድቆ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚወጋው የኋላው ጎማ ነው። የፊተኛው ጎማ የተኛውን ሚስማር ያስነሣዋል፤ የኋለኛው መጥቶ ይሰካበታል። ጭነቱም የሚበዛው በኋላኛው ላይ ነው።

ሚስማር ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

ሞተር ሳይክሉ ከተወዛወዘ፣ ከከበደ ወይም ወደ አንድ ወገን ከሳበ ፍሬን በድንገት አትያዙ። ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙና አቁሙ። በተኛ ጎማ አትንዱ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ በተኛ ጎማ የሚነዳ ሰው ጎማውን ከውስጥ በኩል በቸርኬው ጠርዝ ይቆርጠዋል። አንዲት ቀዳዳ ብቻ የነበረው ጎማ ያን ጊዜ ጨርሶ ይበላሻል።

ከዚያ ጎማውን ቀስ እያላችሁ አዙሩና ፈልጉ። የተሰካውን ካገኛችሁ በከሰል ወይም በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። እሾህ ሲሆን ራሱ ተሰብሮ ጫፉ ውስጥ ይቀር ይሆናል። ካላገኛችሁት በጎማው ላይ የሳሙና ውኃ ቀቡ፤ አረፋ የሚነፋው ቦታ ቀዳዳው ነው። ውኃ ከሌለ ምራቅ ይበቃል። የቫልቮላውን አፍም በምራቅ ፈትኑ፤ አንዳንዴ የሚያፈሰው ጎማው ሳይሆን እሱ ነው።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። መጠገኛ አለኝ? መንፊያ አለኝ? ሁለቱም ካሉ ጥገናው ይጀመራል። መንፊያ ብቻ ካለ ሚስማሩን እንዳለ ተዉት፤ ጎማውን ንፉና ቀስ ብላችሁ ሂዱ። እየቆማችሁ እዩት፤ ሲለሰልስ እንደገና ንፉ። በዚህ ዓይነት ብዙ ሰው ሚስማሩን በጎማው ይዞ እስከ ጎሚስታው ይደርሳል።

ጎማው በብዙ ጥቃቅን እሾህ የተወጋ እንደሆነስ? በሜዳ ላይ ሁሉንም አትልቀሙ። አየሩን ይዘው እስከቆዩ ድረስ ይቆዩ። መጠገኛና ውኃ ባለበት ቦታ አንድ በአንድ ይነቀላሉ።

የሚጠገን ቁስልና የማይጠገን ቁስል

ጎማ እንደ ሰው አካል ነው፤ ቁስሉ ሁሉ አንድ አይደለም። በመንገድ ላይ የሚጠገነው መሬት በሚረግጠው ጥርስ ያለው መካከለኛ ገጽ ላይ ያለ፣ ከእርሳስ የቀጠነ ቀዳዳ ነው። በልክ ብንናገር ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ማለት ነው።

እነዚህ ግን አይጠገኑም፤

1. በጎማው ጎን ወይም ትከሻ ላይ ያለ ቀዳዳ። ጎኑ ስስ ነው፤ በየዙሩ ይታጠፋል። የተወተፈው ነገር ተተፍቶ ይወጣል፤ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል።
2. እንደ ቢላዋ ቁርጥ የተሰነጠቀ ቁስል።
3. ክሩ ወይም ሽቦው የታየ፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ።
4. ተኝቶ ሳለ ብዙ የተነዳ ጎማ።

እንዲህ ያለውን ጎማ «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ ሰው አትጫኑበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መጠገኛው በአንዲት ትንሽ ከረጢት ይያዛል። ከወንበሩ ሥር ትገባለች። በውስጧ የሚከተሉት ይኑሩ፤

1. የሚሞርድ ወስፌ። መልኩ እንደ ስፌት ወስፌ ነው፤ ገላው ግን እንደ ሞረድ ሸካራ ነው።
2. ዓይን ያለው ወስፌ። ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ አለው።
3. የጎማ ክር። ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው፣ በሚያጣብቅ ጥሬ ላስቲክ የተነከረ ወፍራም ክር ነው። ቢያንስ አምስት ያዙ።
4. ማስቲሽ።
5. ፒንሳና ምላጭ ወይም ቢላዋ።
6. የእጅ መንፊያ፤ ቢቻል የአየር መለኪያም።

ክሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። አቧራ ከገባበት አይጣበቅም። ማስቲሹ እሳት ይወዳል፤ ሲጋራ እያጨሱ ወይም በኩራዝ አጠገብ አይከፈትም።

አጠጋገኑ

ሥራው እግሩን መፍታት አያስፈልገውም። የለመደ ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል።

አንደኛ፤ ሞተር ሳይክሉን ደልዳላና ጠንካራ ቦታ ላይ በመካከለኛው ማቆሚያ አቁሙ። ማቆሚያው እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉለት። ረዳት ካለ ይያዘው። ሞተሩ ይጥፋ።

ሁለተኛ፤ ሚስማሩ በየት በኩል ዘንበል ብሎ እንደገባ እዩ። ወስፌውም በዚያው መንገድ ነው የሚገባው።

ሦስተኛ፤ ሚስማሩን ሳትነቅሉ ሁሉንም ነገር አዘጋጁ። ክሩን በወስፌው ዓይን አሳልፉና ሁለቱ ጫፎች እኩል እስኪሆኑ ሳቡት። ማስቲሽ ቀቡት። የሚሞርደው ወስፌ በቀኝ እጃችሁ አጠገብ ይሁን።

አራተኛ፤ አሁን ሚስማሩን በፒንሳ ንቀሉ። በገባበት ዘንበላ ሳቡት እንጂ አታወዛውዙት። ሚስማሩን በመንገድ ላይ አትጣሉት፤ በኪሳችሁ ያዙት። ካልሆነ ነገ የጎረቤታችሁን ጎማ ይወጋል።

አምስተኛ፤ ወዲያው የሚሞርደውን ወስፌ አስገቡ። አምስት ስድስት ጊዜ እየጠመዘዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አድርጉ። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቀዳዳውን ያጸዳል፤ ግድግዳውንም ሸካራ ያደርገዋል። ክር በሸካራ እንጂ በልሙጥ ላይ አይይዝም። አብዝታችሁ ግን አትሞርዱ፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ከጨረሳችሁ በኋላ ወስፌውን እዚያው ተዉት። ክር ያለውን ወስፌ እስክታነሡ ድረስ አየሩን ይይዝላችኋል።

ስድስተኛ፤ የሚሞርደውን አውጡና ክር ያለውን ወስፌ በዚያው ቀዳዳ በጉልበት ግፉት። የክሩ ሁለት ጫፎች ከውጭ አንድ የጣት ስፋት ያህል እስኪቀሩ ድረስ ይግባ። ጨርሶ እንዳይሰምጥ ተጠንቀቁ።

ሰባተኛ፤ ወስፌውን በቀጥታ፣ በአንድ ጉልበት ሳቡት። ወስፌው ይወጣል፤ ክሩ ይቀራል። የታጠፈው ወገቡ በውስጥ በኩል እንደ ቋጠሮ ሆኖ ይቀመጣል።

ስምንተኛ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ንፉ። በምራቅ ወይም በሳሙና ውኃ ፈትኑት። አረፋ ካወጣ ቀዳዳው ለአንድ ክር ሰፍቷል፤ ሁለተኛ ክር ጨምሩ።

ዘጠነኛ፤ ከውጭ የተረፈውን ጫፍ በምላጭ ቁረጡ። የማሽላ ፍሬ ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ስትቆርጡ ክሩን አትሳቡት።

ለምን ይይዛል? የጋንን አፍ በጨርቅና በጭቃ እንደምንወትፍ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ እዚህ ከውስጥ የሚገፋ አየር አለ። ገፊው አየር የክሩን ቋጠሮ ወደ ቀዳዳው ያጣብቀዋል። ጎማው ሲነዳ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የክሩን ጥሬ ላስቲክ ከጎማው ጋር ያዋህደዋል።

ስንት አየር ይበቃል?

የአየር ግፊት የሚለካው ፒኤስአይ በሚባል መለኪያ ነው። ለብዙ ሞተር ሳይክሎች ከ25 እስከ 36 ባለው መካከል ነው። የእናንተን ልክ የሚናገረው ከሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ወይም አብሮ የተሰጠው መጽሐፍ ነው። ለፊትና ለኋላ፣ ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው ልዩ ልዩ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ከዚያ አታሳልፉ።

አየር የሚለካው በጠዋት፣ ጎማው ሳይነዳ ነው። በቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ በጠዋት 30 የነበረው ጎማ በቀትር 33 ሊል ይችላል። ይህ ጤና ነው። «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱት። ብታስተነፍሱት ማታ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። አየር ያነሰው ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቶሎ ይበላሻል።

መጠገኛ ባይኖርስ?

ጎማው ተኝቶ መጠገኛ ከሌለ ሣር ወይም ጨርቅ መጠቅጠቅ አይረዳም። አንዳንድ ሰዎች ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ጠፍር ቆርጠው በማስቲሽ ቀብተው ይወትፋሉ። ይህ ባዶውን እስከ ቤት ለመድረስ ቢይዝ ነው፤ ሰው ለመጫን አይታመንም። ጎሚስታ ከተገኘ ግን ልኩ የሆነ ከመነዳሪ በውስጡ ማስገባት ይቻላል። ያን ጊዜ ሚስማሩና እሾሁ ሁሉ ተለቅሞ፣ ውስጡ በጨርቅ ተዳስሶ፣ የድሮው ቫልቮላ ወጥቶ መሆን አለበት።

የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ከተላቀቀ በእጅ መንፊያ ለመመለስ ያስቸግራል። ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት የሚያስነሣ ሰው ብታዩ ራቁ፤ እናንተም አትሞክሩት። ጎማ ሲፈነዳ ሰው ይገድላል።

ከጥገናው በኋላ

የመንገድ ጥገና መንገድ ያስጨርሳል እንጂ የመጨረሻ መድኃኒት አይደለም። መጀመሪያ ጥቂት ነድታችሁ ቁሙና እንደገና ፈትኑ። ቀስ ብላችሁ ንዱ። ከተማ ስትገቡ ጎሚስታ ጎማውን አውልቆ ውስጡን ይይ። ከውስጥ በኩል እንደ እንጉዳይ ባርኔጣና እግር ያለው ልጥፍ ይደረግለታል፤ እግሩ ቀዳዳውን ይሞላል፤ ባርኔጣው ውስጡን ይሸፍናል። የታመነው ጥገና ይህ ነው። ጎማው ከውስጥ ተጎድቶ ከሆነም የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የተነደፈውን ሰው እናስታውስ

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን ትኩረት ካጡ ዋና ዋና የሐሩር አገር በሽታዎች ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት ካላ አዛርንና በእባብ የተነደፉ ሰዎችን አክሟል። ከተነደፉት ብዙዎቹ ለአጨዳና ለአረም የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

ጊዜ ምን ያህል እንደሚያድን ከሌላ አገር እንማር። በደቡብ ምሥራቅ ኔፓል ቆላ እንደኛው እርሻው ሰፊ፣ እባቡ ብዙ ነው። እዚያ የመንደር ፈቃደኞች ተደራጅተው የተነደፈን ሰው በሞተር ሳይክል ወዲያው ወደ ሕክምና ያደርሱ ጀመር። በሽተኛው በሾፌሩና በደጋፊው መካከል ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ከ100 ተነዳፊ 10 ያህል ይሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከ100 አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ነበረ። የጎደለው መድረሻው ነበር።

ስለዚህ ሰው ከተነደፈ እንዲህ አድርጉ። አይሩጥ፤ የተነደፈው እግሩ ወይም እጁ አይንቀሳቀስ። ቀለበትና አምባር ይውለቅ። ቁስሉን በምላጭ አትብጡት፤ በአፍ አትምጠጡት፤ በገመድ አታስጨንቁት። እባቡን ለመግደል ጊዜ አታጥፉ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። በአንድ ሞተር ሳይክል ሦስት ሰው ሲሆን ጭነቱ ከልክ በላይ ነው፤ እንዲህ የሚደረገው ነፍስ ለማዳን ብቻ ነው። ቀስ ተብሎ ይነዳ፤ ከመነሣት በፊትም የኋላው ጎማ ይታይ። በተበሳ ጎማ ላይ ሚስማር ብታገኙ ምን እንደምታደርጉ አሁን ታውቃላችሁ።

ማኅበራችሁ ምን ያድርግ?

እያንዳንዱ ሰው መጠገኛ ላይኖረው ይችላል። በማኅበር ግን ቀላል ነው። ለአንድ የእርሻ ሰፈር አንድ መጠገኛና አንድ መንፊያ ተገዝቶ፣ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ። ከላዩ አንድ ደብተር ይታሠር። የወሰደ ሰው ስሙን፣ ቀኑንና የተጠቀመበትን ክር ብዛት ይጻፍ። ደብተሩን የሚያነብ ሰው ክር ከማለቁ በፊት ያስገዛል። በአጨዳ ወራት መግቢያ አንድ ቀን ተሰብስባችሁ በአሮጌ ጎማ ላይ ተለማመዱ። በአሮጌ ጎማ ላይ የተሳሳተ ሰው ክር ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ በጨለማ መንገድ ላይ የተሳሳተ ግን በሽተኛ መንገድ ያስቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል አገሩ።

የቃላት ትርጉም

ከመነዳሪ፤ በጎማ ውስጥ ያለ አየር መያዣ ከረጢት።
ቲዩብለስ፤ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ።
ቸርኬ፤ ጎማው የሚገባበት የብረት ክብ።
ራጂ፤ የቸርኬውን መካከልና ጠርዝ የሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ።
ቫልቮላ፤ አየር የሚገባበት አፍ።
ጎሚስታ፤ ጎማ የሚጠግን ባለሙያ ወይም ቤቱ።
ማስቲሽ፤ ጎማ ማጣበቂያ።
መወተፍ፤ ቀዳዳን በሚገባ ነገር መድፈን።

ጥያቄዎች

1. ሚስማር የተሰካበት ከመነዳሪ የሌለው ጎማ አየሩን ቶሎ የማያፈስሰው ለምንድን ነው?
2. መንፊያ ብቻ ያለው፣ መጠገኛ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?
3. ቀዳዳው የሚሞረደው ለምንድን ነው?
4. በጎማ ጎን ላይ ያለ ቀዳዳ የማይጠገነው ለምንድን ነው?
5. በጎማ ላይ 1019 የሚል አራት አኃዝ ቢገኝ ጎማው የተሠራው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? በፈረንጅና በኛ አቆጣጠር ጻፉ።
6. ቸርኬው 17 ኢንች ከሆነ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? 17ን በ2.54 አባዙ።

የአምስተኛው መልስ፤ እ.ኤ.አ. 2019፣ 10ኛው ሳምንት፤ በኛ የካቲት 2011 ዓ.ም.። የስድስተኛው መልስ፤ 43.18 ሴንቲ ሜትር።

ይህን ትምህርት ያነበበ ላላነበበው ያንብብለት። ከሁሉ በፊት ለሞተር ሳይክል ነጂው ይነበብለት።